ቲክ፣ ኤዲኤችዲ፣ ኦሲዲ፦ ልጃችሁ ሁሉም ካለበት ከየቱ ትጀምራላችሁ?

ልጅ ዓይኑን ደጋግሞ ማርገብገብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚወሰደው ዓይን ሐኪም ጋ ነው። ጠብታ ይታዘዝለታል። ማርገብገቡ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይጠፋና "ጠብታው ሠራ" ይባላል። ትንሽ ቆይቶ በአፍንጫው መሳብ ይጀምራል፤ አሁን ደግሞ ሳይነስ ነው፣ አለርጂ ነው። ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቶንሲል ነው። አንገቱን ወደ ጎን መወርወር ሲጀምር ግን ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። አያት "የሰው ዓይን ነው" ይላሉ። አባት "ዓመል ነው፣ ሲቆጡት ይተዋል" ይላል። እናት ስልኳ ላይ አፍጥጣ ታድራለች።

ይህ ሁሉ ቲክ ይባላል። ቲክ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሁን አሁን አይጠፋም። የሚጠፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ ከቲኩ ሌላ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር ወይም ኦሲዲ የሚባለው ሐሳብና ድርጊት እያስደጋገመ የሚያስጨንቅ ሕመም ሲኖርበት ከየቱ ይጀመር? መድኃኒት ወይስ ሥልጠና? የትኛው መድኃኒት? ዝም ብሎ መጠበቅስ ይቻላል? አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ብዙ ቤተሰብ የሚጀምረው ዓይን ከሚያየውና ጆሮ ከሚሰማው ነው፣ ማለትም ከቲኩ። ልጁን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ቲኩ አይደለም።

ቲክ ነው፣ መቁነጥነጥ ነው፣ ወይስ ጭንቀት?

ቲክ ድንገት የሚመጣ፣ አጭርና የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላይ ይጀምራል። ከ10 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይበዛል። ዓመት ያልሞላው ጊዜያዊ ይባላል። ቢያንስ ሁለት የእንቅስቃሴና አንድ የድምፅ ቲክ ታይቶበት፣ ከጀመረው ከዓመት በላይ ከሆነው፣ የጀመረውም ከ18 ዓመት በፊት ከሆነ ቱሬት ሲንድረም ነው የሚባለው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ዘጠኝ ታካሚዎች ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ከዢል ደ ላ ቱሬት የመጣ ነው። ፊልም ላይ እንደምናየው ስድብ ከአፉ የሚያመልጠው ጥቂቱ ነው፤ ከ10 ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

"ትምህርት ቤት እኮ ዝም ብሎ ይውላል! እቤት ሲገባ ነው የሚብስበት፤ ሆን ብሎ ነው" የሚል ወላጅ አለ። ያየው ነገር ትክክል ነው፣ የደረሰበት መደምደሚያ ግን አይደለም። ቲክ ለጊዜው ይታፈናል። ሊያስነጥሳችሁ ሲል አፍንጫችሁን ይዛችሁ እንደምታቆዩት ማለት ነው። ትልልቆቹ ልጆች ከቲኩ በፊት የሚሰማቸውን ይናገራሉ፦ አንገቴን ይበላኛል፣ ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞላል፣ ካላደረግኩት አያልፍልኝም። ሲያፍን የዋለ ልጅ እቤቱ ገብቶ ቢለቀው ምን ይገርማል? ሰው የሚዝናናው እቤቱ ነው። ድካም፣ ጭንቀት፣ ደስታም ጭምር ያብሰዋል። የልደት ቀኑ ዕለት የሚብስበት ልጅ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ሦስት ልጆች የቤት ሥራ ላይ ተቀምጠዋል እንበል።

አንደኛው ወንበሩ ላይ አይረጋም። እግሩን ያወዛውዛል፣ እርሳሱን ይነክሳል፣ ተነስቶ ውኃ ይጠጣል፣ ሲመለስ የት እንደደረሰ ጠፍቶታል። እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከመንቀሳቀሱ በፊትም የሚሰማው ነገር የለም። ይሄ ወደ ኤዲኤችዲ ያደላል። ሁለተኛው እየጻፈ ሳለ አንገቱን ቀጭ ያደርጋል፣ ይቀጥላል፣ እንደገና ቀጭ። ያችው እንቅስቃሴ፣ በዚያው አቅጣጫ። ቲክ ነው። ሦስተኛዋ አንዲት "ሀ" ጽፋ ታጠፋለች። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ። "ምን ሆነሻል?" ስትሏት ከሁለት መልስ አንዱን ትሰጣለች። "ካላስተካከልኩት እማዬ አንድ ነገር ትሆናለች" ካለች ኦሲዲ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። "እንጃ፣ ዝም ብሎ ልክ አልመጣልኝም" ካለች በቲክና በኦሲዲ ድንበር ላይ ናት፤ ቲክ ባለባቸው ልጆች ላይ ይሄ ሁለተኛው ዓይነት በጣም የተለመደ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። አስተማሪዋ "ትኩረት የለውም" ብላ የላከችው ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ የለበትም። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሙሉ ጉልበቱን ቲኩን ለማፈን እያዋለ ነው። ሌላው በልቡ ይቆጥራል፤ እስከ 4 ቆጥሮ ካልጨረሰ ሰሌዳውን ማየት አይችልም። ከውጭ ስታዩአቸው ሁሉም የፈዘዙ ይመስላሉ። ስለዚህ የኤዲኤችዲ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ልጁን "አስተማሪዋ ስታወራ ጭንቅላትህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?" ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

በሃይማኖተኛ ቤት ውስጥ ደግሞ ኦሲዲ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። "አቡነ ዘበሰማያት"ን ጀምሮ አንዲት ቃል የተሳሳተ ሲመስለው ከሀ የሚጀምር ልጅ፣ ወይም ዉዱእ አድርጎ አልነጻሁም እያለ አሥሬ የሚታጠብ ልጅ "እንዴት ያለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው!" እየተባለ ይመሰገናል። የሚጸልይ ልጅ ጸሎቱን ሲጨርስ ይቀለዋል። ይሄኛው ግን ላብ አጥምቆት፣ እያለቀሰ ነው የሚነሳው።

ከየቱ ይጀመር?

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ቱሬት ያለባቸውን 1,374 ሰዎች ተመልክቶ ነበር። 86 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ሌላ የአእምሮ ጤና ችግር ገጥሟቸዋል። 72 በመቶዎቹ ኤዲኤችዲ ወይም ኦሲዲ ነበረባቸው። ለጥናት ተመርጠው የመጡ ሰዎች ናቸውና ቀለል ያለ ቲክ ያለበትን የጎረቤት ልጅ በዚህ አትለኩት። ሐኪም ቤት የሚደርሰው ልጅ ግን ቲክ ብቻውን ይዞት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የመድኃኒት ምርጫ አይደለም። ከሦስቱ የትኛው ነው የልጁን ቀን የሚያበላሸው የሚለው ነው። ጥያቄው ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ ነው። እኛ ወላጆች የሚያሳፍረንን ችግር ብለን እንጠራለን፤ ለቅሶ ቤት ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰው ዞሮ አየን፣ አለቀ፣ "ይሄ ነገር ይታከምልኝ"። ልጁን ስትጠይቁት ደግሞ "ኳስ ሲጫወቱ ሕጉን ስለምረሳ አያስገቡኝም" ይላችኋል። ለዚህ ልጅ ትኩረቱ ይቀድማል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ኦሲዲው ይቀድማል። ቲኩ የሚቀድመው አንገቱን ሲያሳምመው፣ እንቅልፍ ሲነሳው፣ ማንበብ ሲከለክለው፣ ልጆች ሲያሾፉበት ነው። ይሄ በዓለም ላይ ያሉ የሕክምና መመሪያዎችም የሚስማሙበት ነው፤ ከባዱን አስቀድም ነው የሚሉት።

ዝም ብሎ መጠበቅ

ሰነፍ ምርጫ ይመስላል፣ አይደለም። ቲኩ ልጁን ካላሳመመው፣ ካላሳፈረው፣ ትምህርቱንም ካልነካ የመጀመሪያው ሕክምና ይሄ ነው። ቲክ ይነሳል፣ ይበርዳል፣ ቅርጹን ይቀይራል። ሰው ደግሞ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ በተፈጥሮው የሚበርድ ነገር ስለሆነ በዚያ ሳምንት የሰጣችሁት ሁሉ የሠራ ይመስላል፤ ጠብታውም፣ ቫይታሚኑም፣ ቁጣውም። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ የማይሠራ ነገር ላይ ብዙ ብር ያፈሳል።

መጠበቅ ማለት ግን ምንም አለማድረግ አይደለም። "ተው!" ማለት ይቁም። ስለ ቲኩ ማውራት ራሱ ቲኩን ይጠራዋል፤ እናንተም ልጁ ፊት ስለ ቲኩ ስልክ አታውሩ። አስተማሪውን አነጋግሩ። እንቅልፉን አስተካክሉ። በየጥቂት ወሩ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ተመልከቱ። ኤዲኤችዲውና ኦሲዲው ግን በዚህ አይሸፈኑም። ቲኩን እየጠበቃችሁ እነሱን ማከም ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ሥልጠናው፦ ሲቢት

ለቲክ በምርምር የተደገፈው የባህሪ ሕክምና ሲቢት ይባላል። የአሜሪካ ኒውሮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒት በፊት ይሞከር ብሎታል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ልምምዱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጁ መጀመሪያ ቲኩ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማውን ስሜት መያዝ ይማራል። ከዚያ ቲኩ አብሮት ሊሠራ የማይችል ሌላ እንቅስቃሴ ይለማመዳል። አንገቱን የሚወረውር ልጅ አገጩን በትንሹ ወደ ታች አድርጎ የአንገቱን ጡንቻ በቀስታ አጥብቆ ይይዛል። ጉሮሮውን የሚጠርገው አፉን ዘግቶ በአፍንጫው በዝግታ ይተነፍሳል። ያ ግፊት እስኪያልፍ፣ ወይም አንድ ደቂቃ ያህል። ሰው ሳያውቅበት የሚደረግ ነው፤ ውበቱም እሱ ላይ ነው። ከዚህ ጋር ቲኩን የሚያባብሱ ነገሮች ይፈተሻሉ። ለምሳሌ የቤት ሥራ ሲመጣ ቲኩ ይነሳና "በቃ ዛሬ ተወው" ከተባለ ቤቱ ሳያውቅ ቲኩን እየሸለመ ነው።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ 126 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ሲቢት ካገኙት ከግማሽ ትንሽ በላይ፣ 52.5 በመቶ፣ በግልጽ ተሻላቸው። ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት ግን 18.5 በመቶ ብቻ። ስምንት ክፍለ ጊዜ ነው በ10 ሳምንት ውስጥ። የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል።

የሚከብደው ለማን ነው? የሚመጣውን ስሜት መናገር ለማይችል ትንሽ ልጅ። ጥናቱም ከ9 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ ነው የተሠራው፤ ከዚያ በታች ያሉ ልጆችም ይሞክራሉ፣ ግን ልጁን ዓይቶ ነው። ኤዲኤችዲው ያልታከመ ልጅም ይቸገራል፤ ልምምዱን ይረሳዋል፣ ይሰለቸዋል። እንዲህ ላለው ልጅ ትኩረቱን አስቀድሞ አክሞ ወደ ሲቢት መምጣት ብልህነት ነው።

ትልቁ ችግር ባለሙያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ የሠለጠነ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ውጭ አገርም ቢሆን ወረፋው ረጅም ነው። ደስ የሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ 224 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ተመሳሳይ የባህሪ ሕክምና በኢንተርኔት፣ ባለሙያ በጽሑፍ መልእክት እያገዘ ሲሰጥ ቲክ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቅነሳው መጠነኛ ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ግን "በቪዲዮ የሚሰጥ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለቲኩ መድኃኒት ከተፈለገ

ሁለት ጎራ አለ። ቀለል ያለው የክሎኒዲንና የጓንፋሲን ነው። የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው፣ ልጁ ግፊት ስላለበት አይደለም የሚሰጡት። ቲክን በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ኤዲኤችዲም ያለበት ልጅ ላይ ደግሞ የበለጠ ይረዳሉ፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ድብታ ያመጣሉ፣ ክሎኒዲን በተለይ። ማታ ላይ እንቅልፍ እንቢ ላለው ልጅ ይሄ ጥቅምም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን በደማቁ ያዙ፦ ድንገት አይቋረጥም። ግፊቱ ተመልሶ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። ጸበል ልትሄዱ ከሆነ ሂዱ፣ እምነት ከሕክምና አይጣላም፤ መድኃኒቱን ግን አብራችሁ ያዙ። "ጸበልና መድኃኒት አይስማማም" ተብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ክሎኒዲን የተቋረጠበት ልጅ ላይ የሚደርሰው አደጋ የእምነት ጉዳይ አይደለም፣ የደም ሥር ጉዳይ ነው።

ከበድ ያለው ጎራ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል ናቸው። ቲክን በመቀነስ ከመጀመሪያዎቹ ይበረታሉ፣ ዋጋቸውም ይከብዳል። ሪስፔሪዶን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ልጁ ኪሎ ይጨምራል። ልጅ ሲወፍር ደስ የሚለን ሕዝብ ስለሆንን ይሄን "አማረበት" ብለን እናልፈዋለን፤ ክብደቱም ስኳሩም መለካት አለበት። አሪፒፕራዞል አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ለቱሬት ልጆች ተፈቅዷል፣ በክብደት በኩል ብዙ ጊዜ ይሻላል። አንዳንዱን ልጅ ግን ከውስጥ እረፍት ይነሳዋል፤ መቀመጥ ያቅተዋል። ይሄ ደግሞ ኤዲኤችዲው የባሰ ያስመስለዋልና ሌላ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪሙን "ከዚሁ መድኃኒት ሊሆን ይችላል?" በሉ።

ስለ ሃሎፔሪዶል ትንሽ ላቁም፣ እኛ አገር በቀላሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ። አሮጌና ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ወይም መጠኑ በተጨመረ ማግስት፣ የልጁ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጠማዞ ሊቀር፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊገለበጥ፣ መንጋጋው ሊያያዝ ይችላል። ያየ ሰው "ያዘው!" ብሎ ይጮኻል። ወይም ቲኩ ባሰ ተብሎ ሌላ ኪኒን ይጨመርለታል። ሁለቱም ስህተት ነው። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ የወሰደውን መድኃኒት ስም ንገሩ። ማርከሻው በመርፌ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። የሚያዝላችሁ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ካልነገራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። እኔ ብሆን ለቀላል ቲክ ሃሎፔሪዶል አላስጀምርም። ቲኩ ልጁን እያሠቃየ ሌላው ሁሉ ከጠፋ ግን በትንሽ መጠን፣ በቅርብ ክትትል የሚታሰብ ነው።

ትኩረቱ ከባሰ

እዚህ ጋ አንድ አሮጌ ፍርሃት አለ። ሪታሊን የሚባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት፣ ማለትም ሜቲልፌኒዴት፣ ቲክን ያመጣል የሚባል። የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ራሱ ቲክ ላለበት አይሰጥ ይል ስለነበር ፍርሃቱ ከአየር የመጣ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ኤዲኤችዲም ቲክም ያለባቸውን 136 ልጆች በአራት ከፈለ፦ ሜቲልፌኒዴት፣ ክሎኒዲን፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ እና መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን። ቲኩ ባሰበት የተባለው ልጅ ሜቲልፌኒዴት ብቻ ከወሰዱት 20 በመቶ ነበር። ክሎኒዲን ብቻ ከወሰዱት 26 በመቶ። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 22 በመቶ! ማለት ቲኩ ብዙ ጊዜ የሚብሰው በራሱ ጊዜ ነው። ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት ነበሩ።

እና ምርጫው እንዲህ ይወጣል። ትኩረቱ በጣም ከባድ ከሆነ፣ ቲኩ ቀላል ከሆነ፣ ሜቲልፌኒዴት። በቀናት ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ቁርስ በደንብ አብሉት፣ ቁመቱንና ክብደቱን አስለኩ፤ በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለቱም መካከለኛ ከሆኑ ክሎኒዲን ወይም ጓንፋሲን ይሞከር። አቶሞክሴቲንም አለ፣ ቲክን አያባብስም፣ ግን ሙሉ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይወስዳል። አንዳንድ ልጅ ላይ ሜቲልፌኒዴት በእውነትም ቲኩን ሊያነሳሳ ይችላል፤ ያኔ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል፣ ለዘለዓለም የሚቀር ነገር አድርጋችሁ አትፍሩት።

የማግኘቱ ነገር ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሃሎፔሪዶልም ለኦሲዲ የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲንም አሉ። ሜቲልፌኒዴት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ይግባ ተብሎ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞር ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ከውጭ በሰው አስመጣለሁ ለምትሉ፦ በብዙ አገር ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ ዱባይ ላይ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ ማለፍ ራሱ ችግር ውስጥ ይከታል። ክረምትን ልጁን ይዛችሁ አገር ቤት የምትመጡ ደግሞ ከነዋናው ዕቃውና ከነሐኪም ደብዳቤው ያዙት።

ኦሲዲው ከባሰ

እዚህ ላይ መልሱ ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ነው። ኢአርፒ የሚባለው የባህሪ ሕክምና ይቅደም። ልጁ የሚፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ ይጋፈጣል፣ የሚያረጋጋውን ድርጊት ሳያደርግ ይቆያል። የበር እጀታ ይነካል፣ ሳይታጠብ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ጭንቀቱ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ነገ አሥራ አምስት ደቂቃ። ቤተሰቡም የራሱ ሥራ አለው። "እማዬ፣ በሩን ቆልፈሻል?" እያለ ሃያ ጊዜ ሲጠይቅ ሃያ ጊዜ "አዎ የኔ ጌታ" ማለት ፍቅር ይመስላል፤ የኦሲዲው ምግብ ነው። በአንዴ አይቋረጥም፣ ከልጁ ጋር ተስማምቶ እየተቀነሰ ይሄዳል።

መድኃኒቱ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ 112 ልጆች ያሉበት ጥናት የባህሪ ሕክምናውንና ሰርትራሊንን አወዳደረ። ሕክምናውን ከመድኃኒት ጋር ያገኙት 53.6 በመቶ ከሕመሙ ነፃ ሆኑ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ተሻላቸው። የባህሪ ሕክምና ብቻ ያገኙት 39.3፣ ሰርትራሊን ብቻ የወሰዱት 21.4፣ ባዶ ኪኒን የወሰዱት 3.6 በመቶ። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ትንተና ነው። ቲክም የነበረባቸው ልጆች ተለይተው ሲታዩ ሰርትራሊን ብቻውን ከባዶ ኪኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ የባህሪ ሕክምናው ግን ሠራላቸው። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። ቢሆንም ቲክ ላለበት ልጅ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ ደካማ ምርጫ ነው ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያ በሌለበት ቦታ ፍሉኦክሰቲን ብቻውን ይጀመር ይሆናል፤ ከምንም ይሻላል። እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብላችሁ አትጣሉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጁ ሁኔታ ከተለየባችሁ፣ እንቅልፍ አጥቶ ከተቅበጠበጠ፣ ራሱን ስለመጉዳት ካወራ በዚያኑ ቀን ለሐኪሙ ንገሩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። መድኃኒቱና ባህሪ ሕክምናው ተሞክሮ በቂ ካልሆነ ሐኪሙ ከላይ ካነሳናቸው ከከባዶቹ አንዱን በትንሹ ሊጨምርበት ይችላል፣ ቲክ ያለበት ልጅ ላይ ይሄ አንዳንዴ ይሠራል።

ትምህርት ቤቱ

ኪኒን የማይደርስበት ቦታ ነው። አገር ቤት ብዙ ልጅ ክፍል እየረበሽክ ነው ተብሎ ይንበረከካል። ሐኪሙን አጭር ደብዳቤ ጠይቁት፦ ሆን ብሎ አይደለም፣ ዝም በሉት፣ ሲብስበት ለአምስት ደቂቃ ወጥቶ ይመለስ፣ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርለት። አሜሪካ ያላችሁ ግን ልመና አያስፈልጋችሁም፣ መብት ነው። 504 ፕላን ወይም አይኢፒ የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚያደርገውን ድጋፍ የሚዘረዝር ሰነድ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ቱሬት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ደንብ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል። "ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል" ብላችሁ አትሽሹ። ስሙ ካልተሰጠው "ረባሽ" የሚለው ስም ነው የሚለጠፍበት።

ሳትጠብቁ የምትሄዱት መቼ ነው?

ልጁ ሲያርገበግብ ስሙን ጠርታችሁት ካልመለሰ፣ ፈዝዞ ከቀረ፣ ከወደቀ ወይም ሽንቱ ካመለጠው ቲክ ላይሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መጣራት አለበት። ቲክ ላይ ያለ ልጅ ይሰማችኋል፣ ይመልስላችኋል። ጤነኛ የነበረ ልጅ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከባድ ኦሲዲ ወይም ቲክ ከጀመረው፣ በተለይ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። በ12 እና በ17 ዓመት መካከል ያለች ልጅ ደግሞ ድንገት ክንዷን የሚያወራጭና ረጃጅም ቃላት የሚያስጮህ ነገር ከጀመራት ሌላ ዓይነት ነው። በኮሮና ጊዜ የቲክ ቪዲዮ ሲያዩ የከረሙ ብዙ ልጃገረዶች ላይ በየአገሩ ታይቷል፤ ማስመሰል አይደለም፣ ሕክምናው ግን የተለየ ነው፣ የቲክ ኪኒንም አይረዳቸውም።

አዲስ አበባ ላይ በአማኑኤል ወይም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ስትሄዱ በስልካችሁ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ያዙ፤ ሐኪሙ ፊት ልጁ አፍኖት ጭጭ ሊል ይችላል። የጀመራችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ ጻፉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ፣ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። መድኃኒት ከተጻፈላችሁ ደግሞ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት "ይሄ የትኛውን ችግር ነው የሚያክመው? ለምን ያህል ጊዜ ሞክረነው ካልሠራ እንተወዋለን? ስንተወውስ እንዴት ነው የሚቀነሰው?" ብላችሁ ጠይቁ።